ከምን ሠራኸው?

በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ቪዲዮ ስልካችን ላይ ይዞራል። ታውቁታላችሁ። አንድ ወጣት ከቆርቆሮ አጥር ፊት ቆሟል፤ አጠገቡ በእጁ የሠራው ሞተር አለ። ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን አስጠግቶ የተለመዱትን ይጠይቃል፦ ሐሳቡ ከየት መጣልህ? ስንት ብር ፈጀብህ? ከመንግሥት ምን ትጠብቃለህ? ከዚያ ሞተሩ ይነሳል፣ ያጓራል፣ ከኋላው እሳት ይተፋል፣ የተሰበሰበው ሰው ያጨበጭባል። አስተያየት መስጫው ላይ ግማሹ «ይህን ልጅ ናሳ ይውሰደው» ይላል፤ ግማሹ «ፈረንጅ ድሮ የጨረሰውን» እያለ ይስቃል። በማግስቱ ሁላችንም ረስተነዋል።

በዚህ ሙያ ውስጥ እንዳለ ሰው የምታዘበው አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ መቅረቱን ነው። «ከምን ሠራኸው?» የሚለው። ብረቱ ምን ዓይነት ብረት ነው? ስንት ዲግሪ ይችላል? መቻሉንስ ማን አየልህ? ለቴሌቪዥን የሚመች ጥያቄ አይደለም፤ ያሰለቻል። ነገር ግን እሳት የሚነድበት ቤት ሠራሽ ሞተር ሰው ይጎዳ አይጎዳ እንደሆነ ከምንም በላይ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ላለፉት ሁለት ወራት ቤቱ እየሄድኩ የምጠይቀው የ24 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እሱም አልፈለገም፣ እናቱም «ልጄ፣ በስሙ እንዳትነግዱበት» ብለውኛል። በአውቶ መካኒክ ከኮሌጅ ተመርቆ ጋራዥ ይሠራ ነበር። ከሶማሌ ተራ የአሮጌ ጭነት መኪና ቱርቦ ገዛና ከእሱ ትንሽ ጄት ሞተር ለመሥራት ተነሳ። ነገሩ እብደት አይደለም። ቱርቦ ማለት ግማሽ መንገድ የሄደ ጄት ሞተር ነው። በአንድ ዘንግ ላይ፣ በአንዱ ጫፍ አየር የሚጨምቅ የአሉሚኒየም መዘውር አለ፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ የጋለ ጭስ የሚያሽከረክረው ተርባይን። በሁለቱ መካከል ነዳጅ የሚነድበት ክፍል ከሠራህለትና ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕ ካበጀህለት ራሱን ችሎ ይዞራል። በየአገሩ ብዙ ሰው በጓሮው ሠርቶታል።

ልጁ የቃጠሎ ክፍሉን የውጭ አካል ከአሮጌ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ሠራው። ውስጡ የሚገባውን፣ ዙሪያውን የተበሳሳውን የነበልባል ቱቦ ደግሞ ከመኪና ጭስ ማውጫ ቧንቧ ቆረጠ። ሁለቱም ተራ ብረት ናቸው። ሁለት ጊዜ አስነሳው፣ ሠራ። በሦስተኛው የቱቦው አንድ ጎን ለሰለሰ፣ አበጠ፣ ተቀደደ። ነበልባሉ የውጭውን አካል በቀጥታ አገኘው፤ ብየዳው ተከፈተና የሚነድ ነጭ ጋዝ ቀኝ ክንዱና እጁ ላይ ተረጨ። 19 ቀን ሆስፒታል ተኛ። ከጭኑ ቆዳ ተነስቶ ክንዱ ላይ ተተከለለት። አሁን ቤቱ ነው። ጣቶቹ ተኮማትረው እንዳይቀሩ በቀን ብዙ ጊዜ ኳስ ይጨምቃል፤ አዲሱ ቆዳ ፀሐይ ስለማይችል ቀን ቀን ከቤት አይወጣም። በቀረው ሰዓት በግራ እጁ፣ ፊደሉ እየተንጋደደበት፣ ደብተር ይጽፋል። ደብተሩ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀጣዩን ከምን ልሥራው?

ብዙዎቻችን የብረትን ቻይነት የምንለካው በመቅለጫው ነው። ተራ ብረት 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ስለዚህ «ብረት አይደል እንዴ፣ ምን ይሆናል?» ይባላል። ችግሩ ብረት ከመቅለጡ እጅግ ቀደም ብሎ ጉልበቱን መጨረሱ ነው። 600 ዲግሪ ላይ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን አጥቷል፤ 700 ላይ ሩቡ ቢቀረው ነው። በዚያ ላይ አየር ይበላዋል፤ ቅርፊት እየሠራ ይረግፋል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ እየሳሳ ይሄዳል። ነጭ ጋዝ በደንብ ሲነድ ደግሞ እሳቱ ወደ 2,000 ዲግሪ ይጠጋል።

ታዲያ የአውሮፕላኑ ሞተር እንዴት አይቀልጥም? እሳቱ ብረቱን እንዳይነካ ስለሚደረግ ነው። ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር ለቃጠሎ የሚውለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በቱቦው ዙሪያና በቀዳዳዎቹ እየገባ ግድግዳውን ያቀዘቅዛል፤ ጭሱንም ተርባይኑ ወደሚችለው ሙቀት ያወርደዋል። ልጁ አሁን የተቀደደውን ቱቦ እያገላበጠ የደረሰበት ይህ ነው። በለሰለሰው ጎን ቀዳዳዎቹ አንሰዋል፣ ጠበዋልም። ስለዚህ የብረት ምርጫና የአየር ቀዳዳ ምርጫ ሁለት ጉዳዮች አይደሉም። ብረቱ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ሳታውቅ ስንት ቀዳዳ እንደምትበሳ አታውቅም።

እዚህ ላይ «ደሀ አገር ስለሆንን ነው» የሚል ይኖራል። የጄት ሞተር ታሪክ ግን ከመጀመሪያው የብረት ችግር ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1937 የመጀመሪያ ሞተሩን ሲያስነሳ ሞተሩ ከቁጥጥር ውጭ እየጮኸ ሲፈጥን አጠገቡ የነበሩት ሮጠዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት በትልቁ የሄዱት በቃጠሎ ክፍሉና በተርባይኑ ምላሶች መሰባበር ላይ ነው። ኒኬል የበዛበት ቅይጥ እስኪመጣ ድረስ እፎይታ አልነበረም። ጀርመኖች ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ኒኬልም ክሮሚየምም አጠራቸው። የሜሰርሽሚት 262 ሞተር የቃጠሎ ክፍሎች በአሉሚኒየም የተለበጠ ተራ ብረት ነበሩ፤ የሞተሩ ዕድሜም ከ10 እስከ 25 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለኝ። በተራ ብረት መሥራት ይቻላል፤ ግን ብረቱ ደካማ መሆኑን አውቀህ፣ በልኩ ነድፈህ፣ ሰዓቱ ሲደርስ አውጥተህ መጣል ከቻልክ ነው።

ይህን በጓሮ ደረጃ ያሳየው ጀርመናዊው ኩርት ሽሬክሊንግ ነው። ለሞዴል አውሮፕላን የሚሆን ትንሽ ጄት ሞተር ቤቱ ሲሠራ የአየር መጭመቂያውን መዘውር ከእንጨት፣ በካርቦን ክር አጠናክሮ ሠራው። አዎ፣ ከእንጨት! ተርባይኑንም ከብረት ላሜራ በእጁ ቆርጦ አጠማዘዘው። ብልሃቱ ፍጥነቱንና ሙቀቱን እነዚያ ቁሳቁሶች ወደሚችሉት ልክ ማውረዱ ላይ ነው። እኛ ጋ የማየው በተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ጩኸትና ነበልባል፣ ቁሳቁሱ «በተገኘው»።

ወደ ልጁ ደብተር ልመለስ፤ ምክንያቱም «በተገኘው» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከፍል እዚያ ይታያል። ገበያ ውስጥ ስቴንለስ ሲገዛ መፈተኛው ማግኔት ነው። ካልሳበ «ደህናው ነው» ይባላል። 304 የሚባለው ማግኔት አይስበውም፣ እውነት ነው። ኒኬሉ የተቀነሰው 201 የሚባለው ርካሽ ስቴንለስም ግን አይስበውም። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ እሳት ውስጥ ግን አንድ አይደሉም። 304 ሳይቋረጥ ሲሠራ እስከ 925 ዲግሪ ያህል ሳይበላ ይቆያል። እየጋለና እየበረደ ከሆነ ግን ልኩ ወደ 870 ይወርዳል፤ ሲኮማተርና ሲለጠጥ የሚከላከልለት ስስ ሽፋን ይሰነጠቃልና። የጓሮ ሞተር ደግሞ ሥራው ሁሉ መንሳትና መጥፋት ነው። ክሮሚየሙ 25፣ ኒኬሉ 20 በመቶ ገደማ የሆነው 310 በዚያው ሁኔታ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ልጁ የሚፈልገው እሱን ነው። አንድ ነጋዴ «310 ነው» ብሎ የሸጠለት ላሜራ አለ። በቃ፣ ማስረጃው የነጋዴው ቃል ነው።

ሌሎች የተሻሩ ምርጫዎችም ደብተሩ ላይ አሉ። የቤት ቆርቆሮ፦ ዚንኩ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ሲበየድና ሲነድ የሚወጣው ጭስም ያሳምማል። አዝቤስቶስ፦ ከአሮጌ ቦይለር በነፃ ይገኛል፣ እሳት ይችላል፣ ሳንባ ግን ይገድላል። ከሁሉ የወደድኩት ስለ ሸክላ የጻፈው ነው። እናቱ «ምጣዱ ስንት ዓመት እሳት ላይ ኖረ፣ ለምን በሸክላ አትለብጠውም?» ብለውታል። ጥያቄው ከብዙ ኢንጂነር ጥያቄ ይሻላል። ሸክላ ሠሪዎቻችን አሮጌ ገል ፈጭተው ከጭቃው ጋር የሚቀላቅሉት ዕቃው በሙቀት እንዳይሰነጠቅ ነው፤ ይህ የቁሳቁስ ሳይንስ ነው፣ ሠሪዎቹን ለዘመናት ስንንቅ ብንኖርም። ለማቅለጫ ምድጃ ቢሆን መልሱ እሱ ነበር። ተርባይን ፊት ግን አይሆንም፦ ከግድግዳው የተፈነቀለች አንዲት ፍንካች በደቂቃ ወደ 100,000 ጊዜ በሚዞር ምላስ ላይ ስታርፍ ምላሱን ትሰብራለች፣ የተሰበረው ደግሞ እንደ ጥይት ይወጣል።

እስካሁን ማድረግ የቻለው ፈተና ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ላሜራ አንድ ቁራጭ ይወስድና የሰፈሩ ብረት ቀጥቃጭ ጋ ይልካል። ቀጥቃጩ በወናፍ ከሰል ውስጥ ብርቱካናማ እስኪሆን ያግሉታል፣ ያወጡታል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይገባል፤ አሥር ጊዜ። ልጁ የረገፈውን ቅርፊት ጠርጎ የቀረውን ውፍረት ይለካል። ቀለም አይቶ ሙቀት መገመት ለእኚያ ሰውዬ ዕለታዊ ሥራቸው ነው፤ ብርቱካናማው ወደ 950 ዲግሪ ነው። በሌለ ነገር ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ግን ይህ ቁራጩ ቅርፊት ማርገፉን ይነግረዋል እንጂ ብረቱ ጋልቶና ጫና ላይ ሆኖ ቀስ በቀስ መለጠጡን አይነግረውም፤ የብየዳውን ስንጥቅም አያሳየውም።

ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። የብረትን ቅይጥ በሰከንዶች የሚያነብ መሣሪያ አገር ውስጥ አለ፤ ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ያለ እሱ አይሠራም፣ የምህንድስና ትምህርት የሚሰጡ ተቋማትም ዘንድ ይገኛል። ልጁ ከመጎዳቱ በፊት አንድ ተቋም በር ድረስ ሄዶ ነበር። «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነህ? ደብዳቤ አምጣ» ተባለ። ከየትም አይደለም። ከራሱ ቤት ነው የመጣው። የፈጠራ ውድድር ሲኖር ግን ያው ልጅ ደብዳቤ አያስፈልገውም፤ ሞተሩን በፒክአፕ ጭኖ እንዲመጣ ይለመናል፣ ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ ባለሥልጣን አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ለጭብጨባ በሩ ክፍት ነው፤ ለምርመራ ዝግ።

ይህን ለመለወጥ አዲስ ሚኒስቴር አያስፈልግም። የመሣሪያው ባለቤቶች በወር አንድ ቅዳሜ በሩን ይክፈቱ። ሰው ቁራጩን ይዞ ይምጣ፣ የአገልግሎት ይክፈል፣ ቅይጡ ተጽፎ ይሰጠው። በዚያው ቀን አንድ የብየዳ መምህር ስፌቱን አይቶ «ይህን አታስነሳ» ሊለው ይችላል። በየቴክኒክ ኮሌጁ ያሉ መምህራን ይህን በደስታ እንደሚያደርጉት አልጠራጠርም፤ የሚያሳስባቸው «ልጁ ቢጎዳ ተጠያቂው ማነው?» የሚለው ነው። ሥጋቱ ይገባኛል። ግን አሁን ባለው አሠራር ልጁ ተጎድቷል፤ ተጠያቂም የለም።

የውድድር አዘጋጆችና እኛ ጋዜጠኞችም ድርሻ አለን። አንድ ሞተር መድረክ ላይ ከመነሳቱ በፊት ሠሪው የቁሳቁሱን ዝርዝር ያምጣ። በተርባይኑ አቅጣጫ፣ በጎኑ፣ ማንም አይቁም፤ ከዘንጉ ዙሪያ የሚወጣ ስብርባሪ የሚበረው በዚያ በኩል ነው። ካሜራ ይዘን ልጁ አጠገብ የምንቆመው ደግሞ ብዙ ጊዜ በትክክል እዚያ ነው።

«ለምን አይተወውም?» የሚለውን ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ከእናቱም። እሳቸው ሲሉት መልስ የለኝም፤ ያንን ክንድ በየቀኑ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ሌሎቻችን ስንለው ግን አልቀበለውም። ይህ ልጅ አልጋ ላይ ሆኖ የተማረውን ስለ ሙቀትና ብረት የሚያውቅ ወጣት በየሰፈሩ ቢኖረን የዳቦ ቤቱ ምድጃ፣ የጋራዡ ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሽቦ ሁሉ ይሻሻል ነበር። ይተወው የሚለው ምክር ዕውቀቱንም አብሮ ይጥለዋል።

ሐኪሙ ገና ሦስት ወር ያህል እጁን ከሙቀት እንዲያርቅ ነግሮታል። እስከዚያ ሞተሩ አይነሳም፤ ለእናቱም ለእኔም ቃል ገብቷል። ሦስት የላሜራ ቁራጮች ግን ተዘጋጅተዋል፣ እያንዳንዳቸው የመዳፍ ስፋት፣ በማርከር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ተጽፎባቸዋል። «310 ነው» የተባለው ቁጥር ሁለት ነው። ቅይጥ የሚያነብ መሣሪያ ባለበት ቦታ የምትሠሩ፣ ወይም የሚሠራ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቁራጮቹን ራሴ አመጣለሁ፤ ደብዳቤ ካስፈለገም እኔ እጽፋለሁ።