የሌሊት ወፏን አትከተሏት!

መቼም እዚህ ቡለቲን ላይ ስለ ጌም የሚጽፍ ተማሪ ሲገኝ «ይሄ ልጅ ፈተና የለበትም እንዴ?» የሚል መምህር አይጠፋም። አለብኝ፣ ያውም ሁለት። ነገር ግን ዶርማችንን ሁለት ወር ሙሉ ያጨቃጨቀ ጥያቄ ስለሆነ ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም። ጥያቄው ይህ ነው፦ በአንድ ምት የምትሞት የሌሊት ወፍ እንዴት ሰው ልትገድል ትችላለች? የዶርም ጓደኛዬ «እኛ ቀርፋፋ ስለሆንን ነው፤ መፍትሔው ፍጥነት ነው» ይላል። እኔ ደግሞ «የምንሞተው ስለምንከተላት ነው» እላለሁ።

ጌሙ ኔትሃክ ይባላል። እዚህ እንጅባራ ጌም ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ኳስ መጫወት ነው። ኔትሃክ ሌላ ነው። ያማረ ሥዕል የለውም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በነጻ ይገኛል፣ እንደኔ ዓይነቱ ባትሪው የደከመ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ያለችግር ይሠራል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። አያቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ የጀመሩት ሮግ የተባለው ጌም ነው (ተማሪ መሆናቸውን ልብ ይሏል!)። እሱን የመሰሉት ሁሉ «ሮግላይክ» የተባሉት ከዚያ በኋላ ነው። በጌሙ ውስጥ እናንተን የሚወክላችሁ የኢሜይል አድራሻ መሀል የምትገባው ክብ ምልክት ናት፤ ጭራቆቹ ደግሞ ፊደሎች ናቸው። የሌሊት ወፏ ትልቋ የእንግሊዝኛ «ቢ» ናት። ዋሻው ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራል። ከሞታችሁ ደግሞ ሞታችሁ ነው፤ ከሞታችሁበት መቀጠል ብሎ ነገር የለም፣ እንደገና ከሀ ትጀምራላችሁ።

ሲጀመር ሙያ ምረጡ ይላል። ተዋጊ አለ፣ አስማተኛ አለ፣ ቄስ አለ፣ ፈረሰኛም አለ። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ አይደለሁ? ካሜራ የያዘውን ፈለግሁ፤ እሱ ደግሞ ቱሪስቱ ነው። ቱሪስት የሚጀምረው በአበባ ሸሚዝ፣ በብዙ ገንዘብ፣ ዳርት በሚባሉ ተወርዋሪ ነገሮችና በ10 ላይፍ ነው። ጋሻ የለው፣ የራስ ቁር የለው። ገንዘቡስ ሱቅ እስኪገኝ ድረስ እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ሊረባው!

የመጀመሪያ ቀን ከሁለተኛው ክፍል ሳልወጣ «ቢ» መጣች። ፍላሽ ጭራቅ ያሳውራል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ካሜራውን አበራሁባት፤ እሷ ግን መስመሩ ላይ አልነበረችም፣ አንድ ተራ በከንቱ ሄደ። ዳርት ወረወርኩ፣ ሳተ። ተናድጄ ተከተልኳት። አንድ እርምጃ ስቀርብ እሷ ሁለቴ ትንቀሳቀሳለች፦ ነክሳኝ ዞር ትላለች። እንደገና እከተላለሁ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የመቃብር ድንጋይ ወጣና የሌሊት ወፍ እንደገደለችኝ ጻፈልኝ። ጓደኛዬ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ኔትሃክ ውስጥ ፍጡር ሁሉ የፍጥነት ቁጥር አለው። ሰው 12 ነው፣ የሌሊት ወፍ 22። ስለዚህ በአማካይ እናንተ 6 ጊዜ ስትንቀሳቀሱ እሷ 11 ጊዜ ትንቀሳቀሳለች። በአንድ ንክሻ ከ1 እስከ 4 ላይፍ ትወስዳለች፤ ምንም መከላከያ ያልለበሰ ሰው ላይ ከሆነ ደግሞ ከ20 ሙከራ 19ኙ ይሳካላታል። የራሷ ላይፍ ከ1 እስከ 4 ብቻ ነው። አጠገባችሁ ሳትንቀሳቀስ ብትነክሳችሁ ኖሮ በሦስት ተራ ገደማ የቱሪስቱ 10 ላይፍ ያልቅ ነበር። የሚያተርፋችሁ አበራረሯ ነው፤ ቀጥ ብላ አትመጣም፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ይህች ወዲያ ወዲህ ማለቷ ናት እንግዲህ የምታታልለን። የሸሸች ይመስለናል፣ ልንጨርሳት እንሮጣለን።

ጓደኛዬ የእንጅባራ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡም ፈረስ አላቸው። ስለዚህ የመረጠው ሙያ የታወቀ ነው፦ ፈረሰኛ። ጌሙ ለፈረሰኛው ኮርቻ የተጫነች ግልገል ፈረስ፣ ፖምና ካሮት ይሰጠዋል። ሰውየው ሲጋልብ የሚሄደው በፈረሱ ፍጥነት ነው። «ይኸው መፍትሔው!» አለኝ ጓደኛዬ በኩራት። ግን የግልገሏ ፍጥነት 16 ነው። አድጋ ሙሉ ፈረስ ስትሆን 20። አሁንም ከ22 በታች! ወፏን የሚቀድማት የመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚደርሰው የጦር ፈረስ ብቻ ነው፣ እሱ 24 ነው። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ስንት ዋሻ ይታለፋል። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «የእኛ ፈረስ ከሌሊት ወፍ ያንሳል?» ብሎ ተቀየመኝ፣ ጌሙን የሠራሁት ይመስል።

በእውነቱ እኔም ነገሩ የገባኝ በፈረስ ነው። ጥር 23 ቀን በየዓመቱ እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የማያውቅ አንባቢ እዚህ ያለ አይመስለኝም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። አምና አንደኛ ዓመት ሳለሁ የተዋስኳትን ካሜራ ይዤ ወጣሁ፤ ለተግባር ትምህርት አንድ ጥሩ ፎቶ ማቅረብ ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ ፈረስ ወዳለበት ስሮጥ ዋልኩ። ወዲህ ሲመጡ እኔ ወዲያ ነኝ፣ ወዲያ ስደርስ እነሱ አልፈዋል። ማታ ካሜራውን ስከፍተው ጭራ፣ አቧራ፣ የሰው ጀርባ፣ እንደገና ጭራ። አንድ ፊት የለም! የተሻለ ፎቶ ያነሳች የክፍላችን ልጅ ግን ፈረሶቹ ዞረው የሚመለሱበት ጥግ ላይ ቆማ ነው የዋለችው። ከእኔ የተሻለ ካሜራ አልነበራትም። ጥሩ ቦታ ግን ነበራት።

ዘንድሮ ቱሪስቴን እንደዚያ አደረግሁት። «ቢ» ስትታይ ወደ ኋላ ተመልሶ ከክፍሉ ይወጣና ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ይገባል። ክፍል ውስጥ በስምንት አቅጣጫ ልትመጣበት ትችላለች። ቀጥ ያለ ኮሪደር ውስጥ ግን ፊትና ኋላ ብቻ ነው ያለው፤ እሷም አልፋው መሄድ አትችልም። ስለዚህ ኮሪደር ከገባች የትም ትብረር የት ዳርቱ በሚሄድበት መስመር ላይ ናት። ስትርቅ እወረውራለሁ፣ አጠገቤ ስትደርስ እመታለሁ፣ ሳትታይ ስትቀር አንድ ተራ እጠብቃለሁ። አንድ እርምጃ እንኳ ወደ እሷ አልራመድም። እርግጥ መጠበቅም ተራ ይበላል፤ ግን የምጠብቀው እኔ በመረጥኩት ቦታ ነው። ውሻ ወይም ድመት ካላችሁም አትቅደሟቸው፤ የእነሱ ፍጥነት 18 ስለሆነ ከእናንተ ይሻላሉ።

ጓደኛዬ ያቀረበው ተቃውሞ ግን ትክክል ነውና ልሸሽገው አልፈልግም። «ንብስ?» አለኝ። ኔትሃክ ውስጥ ገዳይ ንብ የሚባል አለ፤ ፍጥነቱ 18 ነው፣ በመንጋ ይመጣል፣ መርዙ ጉልበት ይቀንሳል፣ መርዝ የማይችል ሰውን አንዳንዴ ባንዴ ይገድላል። ዳንግላ አጠገብ አያቴ ቀፎ ስላላቸው ይህኛውን ከጌሙ በፊት አውቀዋለሁ። እሳቸው ንብ ሲከባቸው እጃቸውን አያወናጭፉም፣ አይሮጡም፣ ቀስ ብለው ነው የሚርቁት። ባለ 10 ላይፍ ቱሪስትም ኮሪደር ውስጥ ቆሞ መንጋ ልቻል ማለት የለበትም። ደረጃ ቅርብ ከሆነ በደረጃው ይውጣ፤ ተከትለው የሚወጡት ልክ አጠገቡ የነበሩት ብቻ ናቸው፣ ከነሱ ጋር ላይ ይተያያል። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ረትቶኛል፣ ሁሉንም በመቆም ማሸነፍ አይቻልም። ቢሆንም ንቡንም ቢሆን ተከተሉት አላልኩም!

ባለፈው ሳምንት መብራት ሊሄድ ሲል በዚህ ዘዴ ወፏን አንድም ንክሻ ሳይደርስብኝ ጣልኳት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ጓደኛዬንም ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። እሱም እያዛጋ «እንግዲያው ብላታ» አለኝ። ቱሪስቴ ርቦት ስለነበር በላሁ። ለካ የሌሊት ወፍ ሥጋ ራስ ያዞራል፤ 30 ተራ ያህል ወደ ግራ ሂድ ስለው ወደ ቀኝ እየሄደ፣ ከኮሪደሩ ወጥቶ ክፍሉ መሀል ደረሰ። እዚያ ሦስት ቀበሮዎች ነበሩ። ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አጠገቤ ሆኖ ለአዲሷ ግልገል ፈረሱ ካሮት እያበላት ነው።