ቃጫውን ማን ያጥናው?

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚፈልገው እጀ ፈጣን ሰፊ ነው፤ በዘርፉ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ማስተማር ቅንጦት ነው የሚል አስተያየት በኅትመት ይቀርባል።

ስህተት ነው። ዋጋውንም የሚከፍሉት ከሆሳዕና፣ ከቦኖሻና ከዱራሜ ሥራ ፍለጋ ወደ ሐዋሳ የሚጓዙ ወጣቶች ናቸው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በፓርኩ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው ሕጓ ከአጎዋ አስወጣች። ስፌት ብቻ የያዘ አገር ገበያ ሲዘጋበት ሌላ የሚያቀርበው የለውም።

ፋብሪካና ትምህርት ቤት አይገናኙም የሚለው ደግሞ ባሕር ዳርን ይዘነጋል። በጣሊያን የጦር ካሳ ከተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙም ሳይርቅ፣ በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ጨርቃ ጨርቅንም አስተማረ። የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዘርፉ ኢንስቲትዩት ሥሩ እዚያ ነው።

ወጣቶቹ የሚነሡባቸው ሀዲያና ከምባታ ደግሞ እንሰት አላቸው። እናቶች ግንዱን ሲፍቁ ሥጋው ቆጮ ይሆናል፤ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው፣ ለገመድና ለከረጢት የሚውል። ገበሬው እያንዳንዱን የእንሰት ዝርያ በስሙ ለይቶ ያውቃል። የየትኛው ቃጫ ይበልጥ ይጠነክራል? በምን ቢነከር ይለሰልሳል? ከጥጥ ጋር ይፈተላል? ይህን መርፌ አይመልሰውም፤ ቤተ ሙከራ እንጂ።

እርግጥ ነው፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀር የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ነው። መድኃኒቱ ግን ትምህርቱን መዝጋት አይደለም። ጥያቄውን ፋብሪካው ያቅርብ፤ ተማሪው ወራቱን በማሽኑ አጠገብ ያሳልፍ፤ የሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ቃጫውን ከፋቂዎቹ እጅ ተቀብሎ ባሕር ዳር ካሉት መመርመሪያዎች ጋር ያገናኝ።