ማጀታችን ለምን ቀዘቀዘ?



ዛሬ ዛሬ አመሻሽ ላይ በሠፈራችን የሚታየው ነገር አሳሳቢ እየሆነ መጥቷል። እቤት እንጀራው በመሶብ፣ ሽሮው በዕቃው ተቀምጦ ሳለ፣ ትንሽ ትልቁ ፌስታል አንጠልጥሎ ችብስና ሳምቡሳ ፍለጋ ይወጣል። «ምን ይደረግ፣ ለማብሰል ጊዜ የለም» ይሉናል። እንዴት ነው ነገሩ? ችብሱ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚያወጋ ሰው፣ በዚያው ግማሽ ሰዓት ሽሮ ወጥ አያደርስም?

በመሠረቱ ጉዳዩ የጤና ነው። አንዱን ዘይት ደጋግሞ ማፍላት ዘይቱን ያበላሸዋል፤ ለጤና ጠንቅ የሆኑ ነገሮችም ይፈጠሩበታል። እኛ ግን ዘይቱ ጠቁሮ ቡና ሲመስል ዓይናችን እያየ እንበላለን። ይህን ስንል ጠብሰው የሚያድሩትን እኅቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እንጀራቸው ነው። ወቀሳው የዘወትር ራት ላደረግነው ለራሳችን ነው።

ጨውንም እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንዲሆን ይመክራል። ጨው ሲበዛ የደም ግፊት ከፍ ይላል። ውጭ ስንበላ ማን ይለካልናል? በቤታችን ግን ጨውም ዘይትም በእጃችን ነው። ጎመኑን አጥበን የምንከትፈው እኛ፣ ሽምብራውንና አተሩን ለቅመን የምናስፈጨው እኛ ነን።

እርግጥ ነው፣ ቤት የተሠራ ሁሉ ጤና አይሆንም። ወጡ በዘይት ከተጥለቀለቀ ከውጭው በምን ይሻላል? በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድማ ሰው ይገድላል፤ በርና መስኮት ይከፈት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ማጀቱ የቀዘቀዘው እናቶች ሰንፈው አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላ የምትገባ እናት ብቻዋን ስንቱን ትችለው? «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚሉ ወንድሞች አሁንም አሉ። እስቲ ይመልሱልን፤ ወንድ በሆቴል ሲያበስል ባለሙያ ተብሎ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ በገዛ ቤቱ ሽንኩርት ሲከትፍ ነው የሚዋረደው? ይህ ወግ ሳይሆን ስንፍና ነው! የቤት ምግብ ይሻላል እያሉ ሸክሙን ለአንዲት ሴት መተውም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንዱ ሽንኩርት ይክተፍ፣ አንዱ ውኃ ይቅዳ፣ የበላም ዕቃ ይጠብ። ለልጆቻችን የብስኩት ብር ከማስጨበጥ ምሳ ዕቃቸውን በቤት ምግብ እንሙላ። ነገ ለመድኃኒት የምናወጣውን ገንዘብ ዛሬ ለጎመንና ለምስር እናውለው።

ሳይቃጠል በቅጠል!

የሠፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር