የደም ግፊት መድኃኒቱ፣ በጓና የደብረ ብርሃን አየር

በሰሜን ሸዋ ደጋ በግ ያረባ ሰው ሁሉ አዙሪትን ያውቃል። በጓ ከመንጋው ትለያለች፤ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፤ ከዚያም ባለችበት ቦታ ትሽከረከራለች። መንስኤው በውሻ አንጀት የሚኖር የኮሶ ትል ዓይነት ሲሆን፣ እጩ በበጓ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ያድጋል። ከረጢቱ የራስ ቅሏን አጥንት ሲያሳሳው የእንስሳት ሐኪም በቀዶ ሕክምና ሊያወጣው ይችላል። ለዚህ ሲባል በጓን የሚያስተኙ አሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም የምትተኛበት መርፌ ነው።

በሀገራችን የእንስሳት ክሊኒኮች ለማስተኛት ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች አንዱ ዛይላዚን ነው። ብዙዎች የማያስታውሱት ነገር ቢኖር፣ ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1962 በጀርመን አገር በባየር ኩባንያ ሲቀመም የታሰበው ለሰው የደም ግፊት ማውረጃ እንዲሆን ነበር። በሰው ላይ ያስከተለው የግፊት ማሽቆልቆልና ከባድ ድብታ ስላስፈራ ለሰው ሕክምና ሳይፈቀድ ቀረ። ለሰው አደገኛ የተባለው ድብታ ግን ለእንስሳት ሐኪሙ ሲሳይ ሆነ። የቅርብ ዘመዱ ክሎኒዲን በበኩሉ የአፍንጫ መታፈንን እንዲከፍት ሲሞከር ሰውን በማስተኛቱና ግፊትን በማውረዱ ወደ ደም ግፊት ሕክምና ገባ። የመድኃኒት ታሪክ እንዲህ ያለ መሳሳትን አዘውትሮ ያሳያል።

የትውልድ ምክንያቱ አሁንም ከመድኃኒቱ ጋር አለ። ዛይላዚን በመጀመሪያ የደም ሥሮችን አጥብቦ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ቀጥሎ የልብ ምት ይዘገያል፤ ግፊቱም ይወርዳል። የሚያመሰኩ እንስሳት ለዚህ መድኃኒት እጅግ ስሱ ናቸው፤ ላም ከፈረስ መጠን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ይበቃታል። በግ ላይ ደግሞ ከሌሎች የከፋ ነገር ይታያል። በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ የሰፈሩ ተከላካይ ሕዋሳት ይቆጣሉ፤ ፈሳሽም ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። በዚህም ሳቢያ በደሟ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በድንገት ይቀንሳል። ይህ በከፍተኛ ተራራ ላይ ብቻ የታየ አይደለም፤ በዝቅተኛ ቦታ በተደረጉ ምርምሮችም የተመዘገበ ነው።

እንግዲህ መርፌውን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን እንውጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 540 ይወርዳል። በጓ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለችው እኅቷ ሰባ በመቶ ቢሆን ነው። የመንዝ በግ ይህን አየር ለምዳ ትኖራለች፤ ስትነቃ ትተነፍሳለች፣ ትሮጣለች፣ ትወልዳለች። ተኝታ ግን መጠባበቂያዋ አብሯት ይተኛል። በመማሪያ መጻሕፍት የሠፈረው መጠን በአብዛኛው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላለች በግ የተጻፈ መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?

ነገሩ የቤት ውሻና ድመት ያላቸውንም ይነካል። የልብ ሕመም ያለበት ውሻ ኢናላፕሪል፣ የኩላሊት ሕመም ግፊቷን ያናረባት ድመት አምሎዲፒን ትታዘዛለች፤ ሁለቱም ሰዎች የሚውጧቸው እንክብሎች ናቸው። በአጠቃላይ ሰመመን ጊዜ ግፊቱ ሲወርድ ኩላሊት ሬኒን የተባለውን ንጥረ ነገር አመንጭቶ የደም ሥሮችን ለማጥበብ ይሞክራል። ኢናላፕሪል የሚዘጋው ይህንኑ በር ነው። አማካይ ግፊቱ ከ60 በታች ሲቆይ ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች የዚህን መድኃኒት የዕለቱን መጠን ያስቀራሉ፤ ልብን የሚያዘገዩትን እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉትን ግን በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደጋ ነው። ባለቤቱ በራሱ ሐሳብ ሳይሰጥ ወይም ሳያቋርጥ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ውሻው የጌታውን እንክብል ሰርቆ በልቶ ከሆነም ማፈር አያስፈልግም።

ወደ በጓ ልመለስ። የዚህ ጸሐፊ አቋም ግልጽ ነው፤ በደጋ ላይ በግን በዛይላዚን ማስተኛት የተለመደ ሥራ መሆን የለበትም። የራስ ቅል ቀዶ ሕክምና ራሱ በሊዶኬይንና በጥሩ ያዥ ሊሠራ ይችላል፤ የሚያመው ቆዳውና አጥንቱን የሸፈነው ስስ ክዳን እንጂ አጥንቱ አይደለም። ሊዶኬይንም ቢሆን ልኬት ይፈልጋል፤ ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም ብንይዝ 30 ኪሎ ለምትመዝን በግ የሁለት በመቶው መድኃኒት ከሰባት ሚሊ ሊትር ተኩል ማለፍ የለበትም። ዛይላዚን ግድ ከሆነ ደግሞ ማርከሻው በመደርደሪያ ላይ መኖሩ አስቀድሞ ይታይ። ኦክስጅን በሌለበት ክፍል መርፌውን መሳብ ድፍረት ነው።

«አንዲት በግ ለማዳን ኦክስጅን ጠርሙስ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም ከአንኮበር ወይም ከመንዝ በእግሩ የመጣ ገበሬ በጓ ስትሞትበት ሙሉ ገንዘቡን ያጣል። ስትጣጣር አይቶ ቢላዋ ቢያነሣ ደግሞ ሥጋዋ መድኃኒት ያዘለ ነው፤ ለሰው የማይፈቀድ መድኃኒት።

ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በየፋርማሲው የተለመደው በጣት የሚያዘው የኦክስጅን መለኪያ በበግ ምላስ ላይም ይሠራል፤ ፍጹም ባይሆን እንኳ ውድቀትን ያሳያል። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ተፈጥሮ ያዘጋጀችለት ቤተ ሙከራ አላት፤ ደብረ ብርሃንን ለቆ ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ ይወርዳል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ካለ፣ ያንኑ መድኃኒት በያንኑ መጠን የወሰዱ በጎችን በሁለቱ ከተሞች ቢለካ በደጋ ልንጠቀምበት የምንችል የመጠን ሰንጠረዥ በእጃችን ይገባል።