ወንዙ ቢቆጣ እውነት አለው



ባለፈው በሰልፍ ሰዓት ስለ ጥንት ግሪኮች የባሕርና የወንዝ አማልክት አንብቤ ነበር። ከዚያ አንዳንድ ልጆች «የጣዖት ወሬ ለምን ይነበባል?» አሉኝ። በእኔ አስተያየት ተረት ማንበብ ማመን አይደለም። የጅብና የጦጣ ተረት እንሰማ የለም እንዴ? ጅብ እንደማያወራ እያወቅን ቁም ነገሩን እንወስዳለን።

በግሪኮች ተረት ሦስት ወንድማማቾች ዓለምን በዕጣ ሲከፋፈሉ ሰማዩ ለዜውስ፣ የሙታን አገር ለሐዴስ፣ ባሕሩ ለፖሲዶን ደረሰ። ፖሲዶን እንደ መንሽ ያለ ባለ ሦስት ጣት ጦር አለው፤ ሲቆጣ ማዕበል ያስነሳል። ኦዲሲዩስ የልጁን ዓይን ስላጠፋበት በባሕር ላይ አንከራተተው። የሚገርመው፣ ሆሜር እንደጻፈው ሌሎቹ አማልክት ኦዲሲዩስ አገሩ እንዲገባ የተስማሙት ፖሲዶን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዶ ሳለ ነው!

እኔ ግን ከፖሲዶን ይበልጥ የምወደው በትሮይ ያለውን ስካማንደር የተባለውን ወንዝ ነው። አኪለስ በጦርነቱ የገደላቸውን ሰዎች ሬሳ ሞላበት። ወንዙም ውኃው ተዘግቶ ወደ ባሕር መፍሰስ እንዳቃተው ነግሮ፣ ሜዳ ላይ እንዲዋጋ ለመነው። አኪለስ ግን አልተወም። ያኔ ወንዙ ሞልቶ አባረረው፤ ሊያሰጥመውም ምንም አልቀረው። በመጨረሻ የእሳት አምላክ ሄፋስተስ ውኃውን በእሳት አፍልቶ አስቆመው። ጓደኛዬ «ወንዙ ተሸነፈ» ይላል። እኔ ግን ጥፋተኛው አኪለስ ነው እላለሁ። መጀመሪያ ተለምኖ ነበራ!

ሄሲኦድ የተባለው ገጣሚ ደግሞ የኦኬያኖስ ልጆች የሆኑ 3000 ወንዞች አሉ ይላል። ሰው ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ጸልዮ እጁን እንዲታጠብ፣ ወንዝ ውስጥም እንዳይሸና መክሯል። ሳቃችሁ አይደል? ግን ስንቶቻችን ነን ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ወንዝ ውስጥ ወርውረን የምንሄደው?

እነሱ ወንዙን አምላክ አለበት ብለው ፈሩት። እኛ ወንዝ አምላክ እንዳልሆነ እናውቃለን። ከብትም ሰውም እንደሚጠጣው ግን እናውቃለን። እያወቅን ካቆሸሽነው ታዲያ ከእነሱ በምን ተሻልን?

እስቲ አስቡበት። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።

ከ7ኛ ክፍል የክበቡ አባል