ከሳልሳ ጣሳ የሚገኝ ትምህርት

በአገራችን ባሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ ትምህርት የሚሰጠው በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው። ልጁ ሕጉን በቃሉ ይወጣል፤ ሕጉ ሲሠራ ግን በዓይኑ አያይም። ስለዚህ ነገር በተጠየቀ ቍጥር የሚሰጠው መልስ፣ «ቤተ ሙከራ የለንም፤ ዕቃ የለንም» የሚል ነው። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ያልቈየን ወጣቶች ይህን መልስ አንቀበለውም።

ዕቃው ባለበትም ስፍራ የታዘብነው ሌላ ነውና። ብልቃጡና ሚዛኑ በቁም ሣጥን ተቈልፎ ቁልፉ ንብረት ክፍል ይቀመጣል። መምህሩ ቢሰበርብኝ ከደመወዜ ይቈረጣል ብሎ ስለሚፈራ ፈርሞ አይረከብም። ዕቃው ሳይሰበር ያረጃል፤ ልጁም ሳያየው ክፍሉን ያልፋል። ባዶ የሳልሳ ጣሳ ቢጨማደድ ግን ማንም ጠያቂ የለበትም።

እስቲ በ1 ሜትር ሲባጎ ጫፍ ድንጋይ ታስሮ ከበሩ ጉበን ላይ ይንጠልጠል። በጥቂቱ ገፋ አድርጎ መልቀቅና ሄዶ ሲመለስ አንድ እያሉ እስከ 10 መቍጠር ነው፤ 20 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። መቍጠሪያው ዛሬ በየሰው ስልክ ውስጥ አለ። ቀጥሎ ልጁ ድንጋዩን በእጥፍ በሚከብድ ይለውጠው። ይፈጥናል ብሎ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ያው 20 ሰከንድ ነው። አሁን ደግሞ ሲባጎውን ወደ ሩብ ሜትር ያሳጥረው፤ 10 ሰከንድ ይሆናል። ርዝመቱ ሩብ ሲሆን ጊዜው ስለምን ግማሽ ሆነ? ልጁ ይህን ራሱ ከጠየቀ በኋላ መምህሩ የስኩዌር ሩትን ምልክት ቢጽፍለት ምልክቱ ባዕድ አይሆንበትም።

ነገሩ ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም። ብይ የሚጫወት ልጅ፣ የመጣችው ብይ ቀጥ ብላ ቆማ የተመታችው ስትሮጥ ዘወትር ያያል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ብይው በአማርኛ ሆነውበት ሳይተዋወቁ ይቀራሉ እንጂ። እንዲሁም ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ ያጠናል። ይህ በባሕር ወለል ላይ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ የእናቱ ድስት የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። (ይህን ለማየት የትኵሳት መለኪያ እንዳይነከርበት፤ ይሰነጠቃል።)

አንዳንድ ወላጆች ይህ ጨዋታ ልጁን ከፈተና ያዘናጋዋል ይላሉ። ፈተናው የሚጠይቀው ምርጫ ማጥቈር ብቻ ስለሆነ ሥጋታቸው ይገባናል። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የቃል ጥናቱ ለፈተናውም ቢሆን እንዳልበጀ ግን ማን ይክዳል?

ስለዚህ መምህራን ከ100 ነጥብ 20ውን ተማሪው በገዛ እጁ ለሠራው ሥራ እንዲይዙለት እንጠይቃለን። ለኤሌክትሪክ ትምህርት 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ ምስማርና ሽፋን ያለው የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ የግድግዳውን 220 ቮልት ማንም ልጅ እንዳይነካ። በገንዘብ ተሠርቶ የመጣ ሥራ አይቈጠር። ታላቅ ወንድም የሠራለትንም መለየት አያስቸግርም፤ ሲባጎው 4 ሜትር ቢሆን ስንት ሰከንድ ይፈጃል ብሎ ልጁን መጠየቅ ነው።