«እብዱ» እኔ ነኝ!

ውድ አንባቢዎች፣ ርዕሱን አይታችሁ እንዳትደነግጡ። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ እንጦጦ ከቤቴ ጀርባ ነው። ጠዋት እነሳለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ግብሬን እከፍላለሁ፣ ማታ ኪኒኔን ውጬ እተኛለሁ። ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም አለብኝ። ሐኪም ይህን ስም ሳይሰጠው በፊት ግን ሰፈሩ ለእኔ ስም አውጥቶልኝ ነበር፤ «ያ እብዱ»!

ሕመሙ ምን ይመስላል ለምትሉ ባጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋ። አምስት ሌሊት ሳልተኛ ድካም የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ሐሳቤ ይጋልባል፣ ምላሴ አያርፍም፣ ያለኝን ብር በትኜ ተበደርኩ። አገሪቱን የማድናት እኔ ብቻ ነኝ አልኩ። (መቼም እንዲህ የሚሉ ባለሥልጣኖች ሞልተዋል፤ እነሱን ግን ጸበል የሚወስዳቸው የለም!) ከወራት በኋላ ደግሞ ሁሉ ነገር ጨለመ። ከአልጋ መውረድ እንደ እንጦጦ ዳገት ከበደኝ፤ መኖሬንም ጠላሁት።

እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን ለእህቴ ሽማግሌ የተላከ ዕለት እኔን ጓዳ አስገብታ ቆለፈችብኝ። «ልጄ፣ በሞቴ፣ ለእህትህ ስትል ድምፅህን አታሰማ» አለችኝ። አላሰማሁም። የቡናው ሽታ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ሽማግሌዎቹ «ቤተሰቡ ደህና ነው?» ይላሉ፤ አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና» ይላል። ወር ሳይሞላ ወሬው ደረሳቸው። «በዘራቸው እብደት አለ፤ ደግሞም ደብቀውናል» ብለው በዚያው ቀሩ። ይኸውላችሁ፣ ሕመሙ ከእኔ የወሰደውን አብዛኛውን መድኃኒቱ መልሶልኛል። ከእህቴ የተወሰደውን ግን የወሰደው ሕመም አይደለም፤ ይሉኝታና ነውር ነው።

ይህ የእኔ ቤት ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቡታጅራ አካባቢ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዘመዶች ተጠይቀው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። ከ178ቱ ዘመዶች ከመቶ 75 የሚሆኑት በሕመሙ ምክንያት መገለል እንዳለባቸው ተናግረዋል። ከመቶ 37ቱ ደግሞ የዘመዳቸውን መታመም መደበቅ እንደሚፈልጉ አልሸሸጉም። ልብ በሉ፣ እነዚህ የታመሙት አይደሉም፤ ዘመዶቻቸው ናቸው! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ከስምንት ሰው አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖር ነበር። ስሌቱን ለእኛ ብናውለው፣ ከመገናኛ ኮተቤ በሚሄድ ባለ 12 ሰው ታክሲ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ተሳፋሪ የእኔ ብጤ ነው ማለት ነው። ታዲያ «እብድ» እያልን የምንሳሳቀው በማን ላይ ነው?

አሁን ወደ ጸበሉ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ጉዳይ እሱ ነውና። ቤተሰቤ እንጦጦ ጸበል ወሰደኝ። አልተቆጨሁም። በክርስትና ስሜ የጠራኝ፣ ቆሎውን ያካፈለኝ፣ እንደ ሰው የቆጠረኝ የተገኘው እዚያ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አብሮኝ ይጠመቅ የነበረ አንድ ሰው «ኪኒን እየዋጥክ እምነት የታለ?» አለኝና ኪኒኔን ጣልኩት። ሁለት ወር ሳይሞላኝ አገረሸብኝ። «ራሱን እንዳይጎዳ» ተብዬ በሰንሰለት ታሰርኩ። ምልክቱ እስከ ዛሬ እጄ አንጓ ላይ አለ። መድኃኒቱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያወፍራል፣ እንቅልፍ ያበዛል፤ አልዋሽም። ግን መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪም እንጂ የጎረቤት ምክር አይደለም።

ደግሞስ ይህን ትምህርት እኮ እዚችው እንጦጦ ላይ አንዴ ተምረነዋል! ኤችአይቪ ያለበት ሁሉ ከየቤቱ ተባሮ ጸበሉ ዳር የሰፈረበትን ዘመን ረሳችሁት? ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምር «ከጸበሉ ጋር አይሄድም» እየተባለ ስንቱ መድኃኒቱን ትቶ አለፈ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ጸበሉ አልደረቀም፣ እምነቱም አልጠፋም፤ ሰው ግን ዳነ። ለአእምሮ ሕመምም መንገዱ ተጀምሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች አብረው መሥራታቸውን የሚገልጽ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ካህኑ ይጸልያል፣ ሐኪሙ ያክማል፤ ማን ከማን ተጣላ?

መንግሥትስ? አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ንጉሡ አለፉ፣ ደርግ አለፈ፣ ኢሕአዴግም አለፈ፤ ሸክሙ ግን እዚያው ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲገባ ብሔራዊ ስትራቴጂ ወጣ። ወረቀቱ ሸጋ ነው! እኔ ግን ስንት ጊዜ ወረፋ ጠብቄ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ተብዬ ተመልሻለሁ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ባለ መኪናው አእምሮውን ሊያድስ ዳገቱን ይወጣል። በዚያው ተራራ በሌላው መንገድ ደግሞ እጁ የታሰረ ሰው ይወጣል። ለመጀመሪያው ገንዘብ ከተገኘ ለሁለተኛው ኪኒን እንዴት ይጠፋል?

ግን ሁሉን በመንግሥት ማሳበብም አይሆንም። «አማኑኤል ይግባ!» እያለ የሚሳደበው መንግሥት ሳይሆን እኛ ነን። አማኑኤል ማለት እኮ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። ይህን ስም ስድብ ያደረግን ሰዎች ለማን ነው የምንቆጣው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው አባቶቻችን ነግረውናል። ቤታችሁ ውስጥ እንቅልፍ ያጣ፣ ብቻውን የሚያወራ፣ ከሰው የተደበቀ፣ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ካለ ጓዳ አትቆልፉበት። ጠይቁት፣ አድምጡት፣ ይዛችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ። ጸበልም ከወሰዳችሁት ኪኒኑን ኪሱ ውስጥ አትርሱ።

ከጽሑፌ ሥር ስሜን ፈልጋችሁ ታጡታላችሁ። ለራሴ አፍሬ አይደለም፤ እህቴ ገና ያላገባች ስለሆነች ነው። ስሜን በሙሉ ጽፌ እህቴም ያለ ሐሳብ ጋዜጣውን ለጎረቤት የምታውስበት ቀን ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ሰንሰለቱ በእውነት ተፈታ በሉ።

ቸር ይግጠመን!